«ጓደኛዬ» በእንግሊዝኛ ስንት ስም አለው?

ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ሰው «ጓደኛዬ ነው» ካለ ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል። አብሮት የተማረ፣ አንድ ፋብሪካ የሚሠራ፣ አንድ ዶርም ያደረ፣ አብሮ አደጉ፣ አንዳንዴም ፍቅረኛው። ሰሚው አይቸገርም። ከአነጋገሩ ይገባዋል። እንግሊዝኛ ግን ይህን አንድ ቃል ለብዙ ቃላት አከፋፍሎታል። ከእነሱ አንዱን ስንመርጥ ሳናስበው ስለዚያ ሰው ተጨማሪ ነገር እንናገራለን። አንዳንዴም ያልሆነ ነገር።

ጉዳዩ ለሰሜን ሸዋ ሰው የዕለት ጉዳይ ሆኗል። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የመንዝና የተጉለት፣ የቡልጋና የይፋት ልጅ እዚሁ አጠገቡ ተምሮ የውጭ የትምህርት ዕድል ማመልከቻ በእንግሊዝኛ ይጽፋል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲከፈት ከውጭ አገር አለቃ ጋር መነጋገር መጣ። አንኮበር ቱሪስት የሚያስጎበኙ ወጣቶች አሉ። ውጭ ያለ ዘመድ የቪዛ ፎርም ልኮ «ሙሉት» ይላል። እኔም «እስቲ እየው» ተብዬ ብዙ ደብዳቤና ፎርም አይቻለሁ። ሰዋስዉ ልክ ሆኖ፣ የሚወዱት ሰው ላይ የማይገባው ስም ተለጥፎ ሳገኝ ከልቤ አዝናለሁ። ፊደል ቢሳሳት አንባቢ ያልፈዋል። ሰው በስሙ ካልተጠራ ግን ሌላ ሰው ሆኖ ይነበባል።

ነገሩን የሚያቀልለው አንድ ጥያቄ ነው። እኛ ቃል ስንመርጥ መጀመሪያ ቅርበትን እንለካለን፤ «ምን ያህል እንዋደዳለን?» እንላለን። እንግሊዝኛው አስቀድሞ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ «ያገናኛችሁ ምንድን ነው?» ልብ ነው? ሥራ ነው? ክፍል ነው? መንገድ ነው? ሕግ ነው? ደም ነው? ይህን ከመለሳችሁ ቃሉ ራሱ ይመጣል። ምን ያህል እንደምትዋደዱ ከፊቱ በሚጨመር ቅጽል ወይም በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ትገልጹታላችሁ።

ያገናኛችሁ ልብ ከሆነ ቃሉ «ፍሬንድ» ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ መውደድ ከሚል ግስ የወጣ ነው። ቀላልና ንጹሕ ቃል ስለሆነ አትፍሩት። ብዙ ሰው ቀላል ስለመሰለው ይሸሸውና «ኢንቲሜት ፍሬንድ» ብሎ ያደምቀዋል። እኛ አገር ይህ አነጋገር በጣም ተለምዷል፤ መዝገበ ቃላትም «ኢንቲሜት» ማለት «የቅርብ» ነው ይላል። ነገር ግን ዛሬ አንድ እንግሊዝ ወይም አሜሪካዊ «ከእሷ ጋር ኢንቲሜት ነን» ሲባል አብረው የሚተኙ ሰዎች ናቸው ብሎ ነው የሚረዳው። «ክሎዝ ፍሬንድ» በሉ። ያው የምትሉትን ይላል፤ ጥርጣሬ ግን አያመጣም።

ልብ ሳይደርስ ትውውቅ ብቻ ከሆነ «አኳይንታንስ» የሚባል ቃል አለ። ሰላምታ የምንለዋወጠው፣ ስሙን የምናውቀው፣ ቤቱን ግን የማናውቀው ሰው ማለት ነው። ለጽሑፍ ይሆናል። በንግግር ግን ደረቅ ነው። ሲያወሩ ራሳቸው እንግሊዞቹ «የማውቀው ሰው ነው» ነው የሚሉት፤ እኛም እንዲሁ ብንል ጥሩ እንግሊዝኛ ነው።

አሁን ወደ «ኮምፓኒየን» እንምጣ። ይህን ቃል እወደዋለሁ፤ በብዛት ያለ ቦታው የሚገባውም እሱ ነው። ከላቲን «አብሮ» እና «ዳቦ» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተሠራ ነው። አንድ ዳቦ የሚቆርሱ ሰዎች ማለት ነበር። እኛም ዘንድ «ባልንጀራ»ን «ባለ እንጀራ» ብለው የሚፈቱ አሉ። እንግዲህ ተማሪው ይህን ሲሰማ «ባልንጀራ ማለት ኮምፓኒየን ነው» ብሎ ይደመድምና አብሮ አደጉን ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። የቃሉ ሥር ቢመሳሰልም የዛሬ ሥራቸው ይለያያል። ዛሬ «ኮምፓኒየን» የሚባለው አብሯችሁ ጊዜ ወይም መንገድ የሚያሳልፍ ሰው ነው። ዋናው አብሮ መሆኑ ነው። አሥር ዓመት ያልተያያችሁት የልብ ወዳጅ «ፍሬንድ» እንደሆነ ይቀራል፤ «ኮምፓኒየን» ግን አይደለም፤ አብሯችሁ የለማ!

መንገዱን አስቡት። ከአዲስ አበባ ደሴ የሚሄድ አውቶቡስ ላይ ናችሁ። እህታችሁ አጠገባችሁ ተቀምጣለች። አብራችሁ ለመሄድ ተስማምታችሁ ነው የተነሳችሁት። እሷ የጉዞ «ኮምፓኒየን» ናት። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝተው እፍኝ ዘግነው ሰጧችሁ። ሸዋ ሮቢት እስክትደርሱ ስትጨዋወቱ ሄዳችሁ። እኒህ ሰው «ፌሎው ፓሰንጀር» ናቸው። ያገናኛችሁ አንድ መኪና መሳፈር ብቻ ነው። «ፌሎው» ከሌላ ስም ፊት ሲገባ «እንደ እኔው ያለ» የሚል ሥራ አለው። አብሮ ተማሪ፣ አብሮ ተሳፋሪ፣ አብሮ ታራሚ ሁሉ በእሱ ይባላል። ብቻውን ሲቆም ሌላ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጥናት ማዕረግ ይሆናል። «ፌሎሺፕ» የሚባለውም አንዳንዴ ለተመራማሪ የሚከፈል ድጋፍ ነው፤ በእኛ ግቢዎች ደግሞ የጸሎት ኅብረትን ነው የምናስታውሰው። የትምህርት ዕድል ማስታወቂያ ላይ ስታዩት የመጀመሪያው እንደሆነ ያዙ።

አንኮበር፣ ጓሳ ወይም ሌላ ቦታ እንግዳ ለምታስጎበኙ ልጆች በተለይ የምለው አለኝ። «ኤስኮርት» የሚለውን ቃል ራሳችሁን ለመጥራት አትጠቀሙበት። በፖሊስና በወታደር ቋንቋ «አጃቢ» ማለት ነው፤ ያ ትርጉም እስካሁን አለ። ነገር ግን በከተማው እንግሊዝኛ ገላዋን ለምትሸጥ ወይም ለሚሸጥ ሰው የተሰጠ የሽፋን ስም ሆኗል። አንዲት ወጣት አስጎብኚ ማስታወቂያዋ ላይ እንዲህ ብላ ብትጽፍ ምን ዓይነት መልእክት እንደሚደርሳት መገመት አያቅትም። «ጋይድ» ንጹሕ ቃል ነው። ይበቃል።

«ሜት» የሚለውን ቅጥያ ማወቅ ብዙ ያቀልላል። አንድ ነገር ከሚጋሩት ነገር ስም ኋላ ይገባል። ክፍል የተጋራ «ክላስሜት»፣ የእግር ኳስ ቡድን የተጋራ «ቲምሜት» ነው። «ሩምሜት» ላይ ግን አገር ይለያል። አሜሪካ ውስጥ አንድ ቤት የተጋሩ ሁሉ «ሩምሜት» ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መኝታ ክፍል ቢኖራቸውም። እንግሊዝ አገር አንድ ቤት የተጋሩት «ፍላትሜት» ናቸው፤ «ሩምሜት» ሲባል አንድ መኝታ ክፍል ነው የሚታሰበው። ቤት ተከራይታችሁ ለምትማሩ ይህ ለውጥ ያመጣል። «ሜት» ብቻውን ሲሆን ደግሞ ለእንግሊዝና ለአውስትራሊያ ሰው የሠፈር «አቦ» ነው፤ ለፕሮፌሰር አይጻፍም።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ግቢ ውስጥ «ባቼ ነው» እንላለን፤ በአንድ ዓመት የገባን ወይም የተመረቅን ማለታችን ነው። ይህ እኛ ጋ ይሠራል። ለእንግሊዝ ወይም ለአሜሪካ አንባቢ ግን «ባች» ሲባል አንድ ላይ ተጋግሮ የወጣ ዳቦ ወይም በአንድ ዙር የተመረተ ዕቃ ነው ቀድሞ የሚመጣለት። «በአንድ ዓመት ነው የተመረቅነው» ብላችሁ ጻፉ።

ሥራ ቦታ

እዚህ ላይ አንድ ቃል በጣም ያታልለናል። «ስታፍ»። መምህራን «ስታፌ ነው» ይላሉ፤ ባልደረባዬ ነው ለማለት። በእንግሊዝኛ «ስታፍ» የሠራተኞቹ ሁሉ የጅምላ ስም ነው። ባለቤትነት ሲጨመርበት ደግሞ «በእኔ ሥር የሚሠሩ» የሚል ትርጉም ይይዛል። አንድ አስተማሪ የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ለውጭ እንግዳ «ማይ ስታፍ» ብሎ ቢያስተዋውቃቸው አለቃውን ሠራተኛው አድርጓቸዋል። የሚፈልገው «ኮሊግ» ነው፤ ባልደረባ። «ኮሊግ» የተማረ ሰው በሚበዛበት ሙያ፣ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ ቢሮ ላይ ይለመዳል። ፋብሪካና ሱቅ ላይ «ኮወርከር» የሚለው ይቀናል። አንዱ ከሌላው የሚበልጥ ክብር የለውም፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኛም ባልደረባውን «ኮሊግ» ቢል ማንም አይነቅፈውም።

«ኮሊግ» ያላችሁት ሰው ወዳጅም ሊሆን ይችላል። ያኔ ሁለቱንም ጻፉ። «ባልደረባዬም ወዳጄም ነው» ማለት በእንግሊዝኛም ያማረ አነጋገር ነው።

«ፒር» ከሁሉም ይለያል። እኩያ ነው። በዕድሜ ወይም በደረጃ እኩል የሆነ ሰው ሁሉ፣ ብታውቁትም ባታውቁትም «ፒር» ነው። ስለዚህ «ምርጥ ፒሬ» ብሎ ነገር የለም። የእኩያ ግፊት፣ የእኩያ ግምገማ ሲባል ነው ቦታው።

«ኮምሬድ»ን ደግሞ ትልልቆቹ በ«ጓድ» ያውቁታል። በደርግ ዘመን ሊቀመንበሩ ሳይቀር «ጓድ» ነበሩ። ቃሉ ከስፓኝ የመጣ ሲሆን አንድ ክፍል የሚያድሩ ወታደሮችን ይመለከት ነበር። ዛሬም ከሠራዊትና ከግራ ፖለቲካ ፓርቲ ውጭ እምብዛም አይሰማም። «ጓደኛ» ከ«ጓድ» ጋር ስለሚቀራረብ ብቻ አትምረጡት።

«ፓርትነር» ላይ ትንሽ ልቆይ። ሁለት ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ወፍጮ ቤት ቢከፍቱ ሸሪኮች ናቸው፤ «ቢዝነስ ፓርትነር» ይባላሉ። ከፊቱ «ቢዝነስ» የሚለውን ካወጣችሁት ግን ትርጉሙ ይዞራል። ዛሬ በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች «ፓርትነሬ» ሲባል ባል፣ ሚስት ወይም ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩት ፍቅረኛ ማለት ነው። የወንድ ይሁን የሴት ቃሉ አይናገርም፤ ሆን ተብሎም የሚመረጠው አንዳንዴ ለዚሁ ነው። ስለዚህ የወፍጮ ቤት ሸሪካችሁን ስታስተዋውቁ «ቢዝነስ» የሚለውን አትዝለሉ። የቤተ ሙከራ ወይም የፕሮጀክት ተጣማሪም ቢሆን «ላብ ፓርትነር»፣ «ፕሮጀክት ፓርትነር» ተብሎ ይጻፍ።

ፍቅርና ጋብቻ

«ፍቅረኛዬ»ን ብዙ ሰው «ማይ ላቨር» ብሎ ይተረጉመዋል። ቀጥተኛ ትርጉም ይመስላል። ሰሚው ግን የሚረዳው የአልጋ ግንኙነትን ነው፤ ብዙ ጊዜም ከትዳር ውጭ የሆነውን። በእኛ «ውሽማ» የምንለው ሊመስለው ይችላል። ንጹሕ ፍቅር ላይ እንዲህ ያለ ጥላ ማጥላት አይገባም። «ቦይፍሬንድ» እና «ገርልፍሬንድ» ይበቃሉ። በተቃራኒው አብራችሁ የምታጠና የክፍል ልጅ «ገርልፍሬንድ» አይደለችም፤ «ፍሬንድ» ብቻ በሏት። ሴት መሆኗ በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ይገለጻል። አሜሪካውያን ሴቶች እርስ በርሳቸው «ገርልፍሬንዶቼ» ሲባባሉ ትሰሙ ይሆናል፤ እሱ ለሴት ከሴት ነው።

ሽማግሌ ተልኮ እሺ ተብሎ ሠርጉ ካልተደገሰ ሰውዬው «ፊያንሴ» ነው፤ እጮኛ። ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው። አነባበቡ ለወንድም ለሴትም አንድ ሆኖ በጽሑፍ ግን ሴቷ መጨረሻ ላይ አንድ ተጨማሪ «ኢ» ፊደል አላት። ጋብቻ ከተፈጸመ «ሀዝባንድ» ወይም «ዋይፍ»፤ ፎርም ላይ ደግሞ ለሁለቱም «ስፓውዝ»።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው «ተጋባን» የሚለው ድግሱ ሲበላ ነው። ሌላው ማዘጋጃ ቤት ካልፈረመ ያገባ አይመስለውም። የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በባህል የተፈጸመ ጋብቻን ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ፈጽማችሁ ወይም በሽማግሌ ፊት በባህሉ ሰማንያ አስራችሁ ከሆነ «ስፓውዝ» ናችሁ። የአሜሪካን ቪዛ ብንወስድ ለእጮኛ የሚሰጠው «ኬ-1» ይባላል። አሜሪካዊ ዜጋ ለእጮኛው የሚያመለክትበት ነው፤ እጮኛው እዚያ ከገባ በኋላ በ90 ቀን ውስጥ መጋባት አለባቸው። የባልና ሚስት ቪዛ ሌላ መንገድ ነው። በባህል ተጋብቶ «ፊያንሴ» ብሎ የሞላ ሰው የተሳሳተ ፋይል ከፍቷል። አንዲት ቃል ስለሆነች ቀላል አትመስላችሁ።

ፎርሙ የሚጠይቀው

«ሪሌሽንሺፕ» የሚል ባዶ መስመር ፎርም ላይ ይገኛል፤ «ከአመልካቹ ጋር ያለዎት» ይላል። «ጉድ» ብሎ የሚሞላ አለ፤ ጥሩ ግንኙነት አለን ለማለት። ፎርሙ የጠየቀው ዝምድናችሁን ነው። እናት፣ ወንድም፣ አጎት፣ ጎረቤት፣ አሠሪ፤ የሚጻፈው እንዲህ ያለው ነው።

ሌላው «ኔክስት ኦፍ ኪን» ነው። በደም ወይም በጋብቻ ከሁሉ የሚቀርባችሁን ሰው ይጠይቃል። «ኢመርጀንሲ ኮንታክት» ደግሞ ክፉ ነገር ቢመጣ ቶሎ የሚደወልለትን ሰው ነው። አንድ ሰው መሆን የለባቸውም። እናታችሁ መንዝ ገጠር ከሆኑና ኔትወርክ ካስቸገራቸው በመጀመሪያው ላይ እሳቸውን፣ በሁለተኛው ላይ ደብረ ብርሃን ያለ ስልኩን የሚያነሳ ጎረቤት ጻፉ። ይህ እናትን ማሳነስ አይደለም።

«ብራዘር» ላይ በጣም እጠነቀቃለሁ። እኛ የአጎት ልጅ «ወንድሜ» ነው፤ አብሮ ያደገም «ወንድሜ» ነው። ይህ የባህላችን ደግነት ነው፤ በንግግር እንዲቀር አልፈልግም። ፎርም ላይ ግን «ብራዘር» ከእናት ወይም ከአባት የሚገናኝ ብቻ ነው። የአጎትና የአክስት ልጅ፣ ወንድም ሴትም፣ በእናትም በአባትም በኩል ያለው፣ ሁሉም «ካዝን» ነው። ዛሬ «ብራዘር» ብላችሁ ነገ በሌላ ፎርም «ካዝን» ካላችሁት መርማሪው ውሸት ነው ሊል ይችላል፤ የእናንተ ወንድማማችነት ምን ያህል እውነት እንደሆነ እሱ አያውቅም። በአንድ ወላጅ ብቻ የምትገናኙ ከሆነ «ሃፍ ብራዘር»፣ የእንጀራ አባታችሁ ወይም የእንጀራ እናታችሁ ካለፈ ትዳር ይዘው የመጡት ልጅ ከሆነ «ስቴፕ ብራዘር»።

«ቤተሰቦቼ» ስንል ብዙ ጊዜ እናትና አባትን ነው። ወደ እንግሊዝኛ ስንወስደው «ማይ ፋሚሊስ» ይሆንና ብዙ ቤት ያለው ሰው ያስመስላል። እናትና አባት ከሆኑ «ፓረንትስ»፣ ሁሉም ከሆነ «ፋሚሊ» በነጠላ። የሩቁም የቅርቡም ዘመድ «ሪሌቲቭ» ነው።

በሀገር ደረጃ

«ሪሌሽን» ብዙ ቁጥር ሲሆን አገር ከአገር፣ ተቋም ከተቋም ላለው ግንኙነት ይሆናል። ለሁለት ሰዎች «ሪሌሽንሺፕ» ነው የሚባለው። ዝም ብሎ «ኢን ኤ ሪሌሽንሺፕ» ነን ካላችሁ ግን ፍቅረኞች ነን ማለታችሁ ነው።

አገሮች «ፍሬንድ» ሲባባሉ ልብ አይደለም የሚያገናኛቸው፤ ውል ነው። የዚህ ምሳሌ እዚሁ ቀያችን ላይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1841 ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተባለ የእንግሊዝ መልእክተኛ ወደ ሸዋ መጥቶ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ወዳጅነት የተባለው በሰላም መቀባበልና ነጋዴን ማስተናገድ ነው። በጦርነት ከጎን መቆም ቢጨመርበት ኖሮ ቃሉ «አላይ» ይሆን ነበር። ታሪክ የምትጽፉ ተማሪዎች ሁለቱን ስትቀላቅሉ ያልተፈረመ ውል ታስፈርማላችሁ።

እንግሊዝኛ የሌለው ጊዜ

የእኛ ዝምድና ሁሉ እንግሊዝኛ አያገኝም። ዋርሳና አማች ለየብቻቸው ናቸው፤ እንግሊዝኛው የባል ወንድምንም የእህት ባልንም «ብራዘር ኢንሎው» ብሎ አንድ ላይ ያስቀምጣቸዋል። ማን እንደሆነ መለየት ካስፈለገ «የባለቤቴ ወንድም» ብላችሁ ዘርዝሩ። ሚዜን «ቤስት ማን» ማለት ለሠርጉ ቀን ይሠራል። ሚዜነት ግን እኛ ዘንድ ከሠርጉ በኋላም ይቀጥላል፤ ባልና ሚስት ሲጋጩ የሚጠራው እሱ ነው። ይህን ማስረዳት ከፈለጋችሁ ቃሉ ብቻ አይበቃም።

አበልጅን ውሰዱ። የልጄን ክርስትና ያነሳልኝ ሰው ለልጄ የክርስትና አባት ነው፤ እሱ «ጎድፋዘር» ይባላል። ለእኔ ግን ምኔ ነው? አበልጄ ነው። ለዚህ ዛሬ እንግሊዝኛ ውስጥ የሚለመድ ቃል የለም። በጥንት ጊዜ ነበራቸው። «ጎድሲብ» ይሉት ነበር፤ በእግዚአብሔር በኩል የተገኘ ዘመድ ማለት ነው። ቆይቶ ለቅርብ ወዳጅ ሆነ። ከዚያ ወዳጆች ተቀምጠው ለሚያወሩት ወሬ። አሁን «ጎሲፕ» ተብሎ ሐሜት ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ቃሉ ወደ ሐሜት ሲወርድ ዝምድናው ያለ ስም ቀረ።

እንዲህ ላለው ቃል የማደርገው ይህ ነው። አማርኛውን በእነሱ ፊደል እንዳለ እጽፈዋለሁ፤ ከኋላው በአጭር ሐረግ እፈታዋለሁ። «አበልጄ፣ የልጄን ክርስትና ያነሳው ሰው» ብዬ። ለማኅበርተኛም እንደዚሁ፤ «በየወሩ በተራ ቤታችን ጽዋ የምንጠጣ የቅዱስ ሚካኤል ማኅበርተኛዬ»። ለጡት ልጅም፤ «ሳይወልዱኝ በወግ ልጃቸው ያደረጉኝ የጡት አባቴ»። ከአንድ ጊዜ በላይ አልፈታውም። ሁለተኛ ሲመጣ ቃሉ ብቻውን ይቆማል፤ አንባቢው ያውቀዋል።